ሰሙ ጊዜ፣ ወርቁ 1952፦ ዲፕሎማት ልሁን ያለች የአንዲት ቋንቋ ተማሪ ጉዳይ

በ2014 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ አጥንት ሰርስሮ በሚገባው የደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ፣ አንዲት የሁለተኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ የቢሮዬን በር አንኳኳች። ነጠላዋን ተከናንባለች። በእጇ እያንዳንዱ ገጹ በእርሳስ መስመር ለሁለት የተከፈለ ደብተር ይዛለች። እንድትቀመጥ ብጋብዛትም አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ እኔ የውጭ ጉዳይ ሰው መሆን ነው የምፈልገው። ምደባው ግን ቋንቋ ላይ ጣለኝ። ምን ይሻለኛል?» አለችኝ።

ጉዳይዋን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 2017 ዓ.ም. ክረምት ድረስ በቅርብ ተከታትያለሁ። የምጽፈውም በፈቃዷ ነው፤ ማንነቷን የሚያስለይ ነገር ግን ትቻለሁ። በየዓመቱ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ብዙዎቻችን መምህራን የምንሰጣቸው መልስም ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ለእሷ የሰጠኋት የመጀመሪያ መልስ ልክ አልነበረም። «ቋንቋ መሣሪያ እንጂ ሙያ አይደለም፤ ከቻልሽ ወደ ፖለቲካ ሳይንስ ተዛወሪ» አልኋት። ዝውውሩ ጊዜው አልፎ ነበርና አልተሳካም። እሷም ሁለት ሳምንት ያህል ክፍል ውስጥ ገብታ እንደሌለች ሆና ከረመች። ያን ምክር ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል። ልጅቱ ምን ይዛ እንደመጣች ሳልጠይቃት ምን እንደጎደላት ነገርኋት።

ይዛ የመጣችው

ቤተሰቧ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ነው። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ የእናቷ አባት ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ። ጎጃም በቅኔ ቤቱ የታወቀ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ስልት ስም እስከመሆን ደርሰዋል። እሷ ሴት ልጅ ናትና ጉባኤ አልተቀመጠችም። ለአያቷ ውኃና ቁርስ ስታመላልስ ግን ደበሎ የለበሱት የቆሎ ተማሪዎች ማልደው ግስ ሲያወርዱ እየሰማች አደገች። «ቀተለ፣ ገደለ፤ ይቀትል፣ ይገድላል፤ ይቅትል፣ ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል፣ ይግደል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት በቃሏ ትወጣው ነበር። ይህን ለእኔ የነገረችኝ ከተዋወቅን ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ለሥራ ፍለጋ ይጠቅማል ብላ አላሰበችም ነበርና።

የውጭ ጉዳይ ሕልሟም የመጣው ከዚያው ግቢ ነው። አያቷ አንድ የአካባቢያቸውን ሰው ስም እየደጋገሙ ያነሡላት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁን አገር የሚያውቃቸው በድርሰታቸው ነው። መሪጌታ ግን የሚያነሷቸው በዚህ አገር የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በለንደን ኢትዮጵያን ያገለገሉ ሰው በመሆናቸው ነበር። «ከዚሁ ወጥተው አይደለም እንዴ!» ይሏታል።

ከዚህ በቀር ስለ ሙያው የምታውቀው ጥቂት ነበር። አምባሳደርነት ተወዳድረው የሚቀጠሩበት የመጀመሪያ ሥራ ይመስላት ነበር። ከአታሼ ተነሥቶ በሦስተኛ፣ በሁለተኛና በአንደኛ ጸሐፊነት አልፎ ወደ አማካሪነትና ወደ ሚኒስትር አማካሪነት የሚወጣውን መሰላል፣ አምባሳደርነት ደግሞ ሹመት መሆኑን ያወቀችው ያን ሰሞን ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተርጓሚ መሆንም ሌላው ተስፋዋ ነበር። እዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸፋፍን ነገርኋት። ድርጅቱ ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አሉት፤ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛና ስፓኒሽ። ተርጓሚዎቹ ከሌሎች ቋንቋዎች የሚተረጉሙት አፍ ወደፈቱበት ወይም ያንኑ ያህል ወደተካኑበት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ከስድስቱ አንዱ አይደለም። በአፍሪካ ኅብረት በኩል በሩ ትንሽ ሰፋ ይላል። በዚያው ሰሞን የኅብረቱ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋ አድርጎ ተቀብሎ ነበርና ዜናው አነቃቃት። «ታዲያ አማርኛስ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ጉዳትም ደርሶባት ነበር። በቴሌግራም ያገኘችው አንድ ደላላ «የዲፕሎማሲ ሥልጠናና በዓለም አቀፍ ድርጅት ምደባ» ብሎ 3,500 ብር ተቀብሏት ጠፋ። አባቷ በግ ሸጠው የላኩት ገንዘብ ነው። ይህን ለሚያነብ ተማሪ ሁሉ ጮክ ብዬ ልናገር፦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በቅጥር ሂደት ውስጥ፣ በየትኛውም ደረጃ፣ ከአመልካች አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ጠያቂው ድርጅቱ አይደለም።

አንድ ግስ

መንገዱ የተቀየረው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። የትርጉም ትምህርት ክፍል ውስጥ የውጫሌ ውልን 17ኛ አንቀጽ አነሣሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግን ነገሩ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ፤ ኢጣልያም በዚያ ላይ ቆማ ኢትዮጵያን በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አወጀች። ያ ልዩነት የት እንዳደረሰ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምን እንደሆነ፣ ለኢትዮጵያዊ አይነገርም።

ይህን ታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜም እንደ ተረት ይሰማውና ያልፋል። እሷ ግን ከክፍል በኋላ ደብተሯን ይዛ መጣች። በግራው አምድ «ይቻላቸዋል»ን ጽፋለች። በቀኙ ደግሞ ያው ግስ ሊዞር የሚችልባቸውን መልኮች ደርድራለች፦ ይችላሉ፣ ይገባቸዋል፣ ግድ ይላቸዋል፣ ይሆንላቸዋል፣ ተፈቅዶላቸዋል። ከእያንዳንዱ ሥር ውሉ በዚያ ቃል ቢጻፍ ንጉሡ ምን ያጡ ወይም ምን ያተርፉ እንደነበር አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አክላለች። «ተፈቅዶላቸዋል» ከሚለው ሥር የጻፈችው እስካሁን ትዝ ይለኛል፦ «ፈቃጅ ካለ ነጻነት የለም።»

ገጹን ብዙ ጊዜ አየሁት። አያቷ ቅኔ ሲነግሩ የሚያደርጉትን ነው ያደረገችው፤ ቃሉን ገልብጣ ሥሩን አየች። ያን ቀን ነው ስለ ቅኔ ቤቱ ጠይቄያት የነገረችኝ፤ የመጀመሪያ ምክሬን በግልጽ የሻርሁትም ያን ቀን ነው። «ከቋንቋ ክፍል እንዳትወጪ፤ የያዝሽው ራሱ ሥራው ነው» አልኋት። የዲፕሎማሲ ሙያ በየትም አገር የአንድ ትምህርት ክፍል ምሩቃን ርስት አይደለም። የውል ጽሑፍን ቃል በቃል የሚያነብ ሰው ሲጎድል ደግሞ ምን እንደሚመጣ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ አንድ ርእስ እንድትይዝ መከርኋት፤ ሁሉን ዐውቃለሁ የሚል አመልካች ምንም እንደማያውቅ ነውና የሚቆጠረው። ርእሱን ለመምረጥ አልተቸገረችም። ከጎጃም ሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይነሣና አገሩን እንደ መቀነት ዞሮት ይወርዳል።

የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን አገኘንና የሚያከራክረውን አንቀጽ 14 (ለ) ጎን ለጎን አደረግነው። ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ እንቴቤ ላይ ሲፈርሙ ይህ ንኡስ አንቀጽ ሳይቋጭ በአባሪ ተቀምጧል። አብዛኞቹ የተስማሙበት ቃል የሌላውን የተፋሰሱን አገር የውኃ ደኅንነት «ጉልህ በሆነ ሁኔታ አለመንካት» ይላል። ግብፅ ያቀረበችው ምትክ ደግሞ የውኃ ደኅንነቱን ብቻ ሳይሆን «አሁን ያለ አጠቃቀሙንና መብቱንም» አለመጉዳት የሚል ነው። በአማርኛ እንድትተረጉመው ሰጠኋት። ትርጉሙ ንጹሕ ነበር። ከግርጌው ግን እኔ ያልጠየቅኋትን አንድ መስመር ጨምራበታለች፦

«'አሁን ያለ' የሚለው ሰሙ ጊዜ ነው፤ ወርቁ 1952 ነው።»

1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን ኢትዮጵያ በሌለችበት የተፈራረሙበት ዓመት ነው። በዚያ ስምምነት ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ተመደበ፤ ትልቁን ውኃ ለምታመነጨው አገር ምንም። «አሁን ያለ አጠቃቀም» የሚለውን ሐረግ የተቀበለ አገር ያን ያልፈረመውን ክፍፍል በጓሮ በር ፈረመ ማለት ነው። ይህን የሕግ ባለሙያዎች በረጃጅም ጽሑፎች ያብራሩታል። የሃያ ዓመት ልጅ በአንድ መስመር ጻፈችው። ስምምነቱ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የላከችልኝ አጭር መልእክትም ይኸው መስመር ነበር፤ ሌላ ቃል አልጨመረችበትም።

ሁለተኛው ቋንቋ

ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ምን ትማር የሚለው ላይ ተከራክረናል። እኔ ፈረንሳይኛ አልሁ። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የሥራ ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸው፤ በአፍሪካ ኅብረትም ብዙ ይሠራበታል። ክርክሬ በወረቀት ላይ የሚያስኬድ ነው። እሷ ግን ዐረብኛ አለች። «መምህር፣ ስለ ዓባይ የሚከራከሩን በፈረንሳይኛ አይደለም» ስትለኝ ዝም አልሁ።

ፊደሉን በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ለመደችና ሰዋስውን ስትጀምር ነው የአያቷ ቤት ዳግመኛ የተከፈተላት። በዐረብኛ «ገደለ» ማለት «ቀተለ» ነው፤ «ጻፈ» ማለት «ከተበ» ነው፤ በግእዝም እንዲሁ። ሌላውን የሚያስጨንቀው ሦስት ፊደል ይዞ የሚዞር ግስ፣ ከውስጡ ተለውጦ የሚበዛ ስም፣ ለእሷ «ሀገር» ብሎ «አህጉር» ማለት ነው። ክረምቱን አገሯ ወርዳ ከመሪጌታ ጋር የግስ ዝርዝር እየያዘች አነጻጸረች። እሳቸው በዐረብኛው መደነቃቸውን ደጋግማ ነግራኛለች። «ይህ ሁሉ ዘመድ ነበረን እንዴ?» ብለዋታል።

ከዚያ 2015 ዓ.ም. መጣ። በኅዳር፣ በታኅሣሥ በደንብ ስትሄድ ቆየች። ሚያዝያ 7 ቀን ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ነሐሴ ላይ ደግሞ የእኛው ክልል ግጭት ውስጥ ገባ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የቀረጻ ትምህርቶች፣ መዝገበ ቃላቱ፣ የምትለማመድባቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ጠፉ። የሚያመለክቱባቸው ማስታወቂያዎች ሳይታዩ አለፉ። አንድ የወጣቶች የሥልጠና ዕድል ተከፍቶ ቀኑ ካለፈ ከሃያ ቀን በኋላ ነው የሰማነው። አዲስ አበባ ያለ እኩያዋ በስልኩ ጨርሶ የሚልከውን ማመልከቻ የእኛ ልጆች ስለ መኖሩም አልሰሙም። በዚያ ዘመን እዚህ የተማረ ተማሪ ያጣው ነገር በውጤት ወረቀቱ ላይ አይታይም፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚመረምሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁልኝ እወዳለሁ።

ያው የካርቱም ጦርነት ግን አንድ መምህር አመጣላት። አሥራ አራት ዓመት ሱዳን ውስጥ ሻይና ቡና ሸጠው የኖሩ አንዲት እናት በመተማ በኩል ሸሽተው ተመለሱና ተማሪዋ ከተከራየችበት ግቢ ጎን አንዲት ክፍል ይዘው ገቡ። «እትዬ፣ ዐረብኛ ያስተምሩኝ» አለቻቸው። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፣ ምን አስተምርሻለሁ?» አሏት። ስምምነታቸው እሷ ውኃ ልትቀዳላቸውና ደብዳቤያቸውን ልታነብላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ቡና ሲያፈሉ ከመጀመሪያው እስከ በረካው በዐረብኛ ብቻ ሊያወሯት ሆነ።

አንድ ቅዳሜ አብሬ ተቀምጬ ነበር። መብራት የለም፤ የከሰሉ ፍም ብቻ ነው ፊታቸውን የሚያሳየው። ጀበናውን አንሥተው «ይህማ እዚያም ጀበና ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ እሷ ከመጽሐፍ የተማረችውን ዐረፍተ ነገር አሳምራ ተናገረች። እትዬ ጥቂት ዝም ብለው «የምትዪው የሬዲዮ ነው። ሰው እንዲህ አይናገርም» አሏትና በሱዳን አፍ ደገሙላት። ደብተሯን አወጣች፤ ያው በእርሳስ የተከፈለው ነው። በግራ የመጽሐፉን፣ በቀኝ የእትዬን ጻፈች። ያን ማታ ካሰፈረቻቸው መካከል አንዱ «በሐር» ነበር። በመጽሐፉ ባሕር ነው። እትዬ ግን እጃቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ደቡብ ዘርግተው «እኛ ወንዙን ነው 'በሐር' የምንለው። ያንቺኑ ዓባይ» አሏት።

የደረሰችበት

በ2016 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናውን አለፈች። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ እሷ በብዙ በልጣዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ወር ቀላል አልነበረም። አራት ቦታ አመለከተች፤ ሦስቱ መልስ አልሰጧትም፤ አራተኛው ልምድ ጠየቃት። የአንድ ዓመት ልምድ ከየት እንደሚመጣ ማንም አይነግራትም። ደብረ ማርቆስ የግል ትምህርት ቤት ገብታ አንድ መንፈቅ እንግሊዝኛ አስተማረች። ቤተሰቧ መምህርነቱ ይበቃል ብለው ነበር። ይህንን አልንቅም፤ እኔም የኖርሁበት ሙያ ነው። ልቧ ግን እዚያ እንዳልሆነ የሚያውቁ አያቷ ብቻ ናቸው «ትሂድ» ያሉት።

ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተቀምጣ አለፈች፤ በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ማጥናት ጀመረች። ኑሮዋን የምትደግፈው የሱዳን ስደተኞችን በሚረዳ አንድ ድርጅት ውስጥ በትርፍ ሰዓት በማስተርጎም ነው። ይህን ሥራ ያገኘችው በእንግሊዝኛ ዲግሪዋ አይደለም። በቃለ መጠይቁ ላይ ጠያቂዋ አንዲት ሱዳናዊት ወይዘሮ አስገብተው «አነጋግሪያቸው» አሏት፤ እሷም እትዬ በፍሙ ዳር እንዳስተማሯት አነጋገረቻቸው።

ዲፕሎማት ሆናለች ወይ? አልሆነችም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቅጥር ሲያወጣ ልታመለክት ተዘጋጅታለች፤ የሚሳካ ይሁን አይሁን አላውቅም። የማስተርስ ጥናቷ ርእስ የናይል ስምምነቶች የአማርኛና የዐረብኛ አነጋገር ነው። ጉዳይዋን ለሌሎች ተማሪዎች ሳነሣ የምጨነቀው ለአንድ ነገር ነው፤ «እሷ አያት ነበሯት፣ ጎረቤት ነበራት» ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ። ከመተማ የተመለሰ ሹፌር፣ ቤሩት የሠራች እኅት፣ ጅማ ያደገ ኦሮምኛ ተናጋሪ በየሰፈሩ አለ። ቀርቦ የሚጠይቃቸው ነው ያነሰው። ከአማርኛው የሚጀምርም አነሰ፤ ተማሪዎቼ የእንግሊዝኛ አነጋገራቸውን ለማሳመር የሚደክሙትን ሩብ ያህል የአማርኛ ውል አንብበው አያውቁም።

ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ መጥታ ሳለ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ከሱዳኗ ከተማ ከኦምዱርማን የተሰደዱ አንዲት እናት ጉዳያቸው ለወራት ተንጠልጥሎ ነበር። ቀደም ሲል ሌላ አስተርጓሚ በያዘው ቃላቸው «ከልጆቼ ጋር ባሕር ተሻገርሁ» ብለዋል ተብሎ ተጽፏል። አሁን ሲጠየቁ ደግሞ በመተማ እንደገቡ ይናገራሉ። የመዝገቡ ባለሙያ ሁለቱ አልገጥም ብሎት «ቀይ ባሕርን የተሻገረ ሰው እንዴት በመተማ ይገባል? ቃላቸው እምነት አይጣልበትም» ለማለት ብዕሩን አንሥቷል። ሴትዮዋ ሁኔታው ገብቷቸው ማልቀስ ጀመሩ።

እሷ የአስተርጓሚ ወንበር ላይ ናት፤ ያልተጠየቀችውን መናገር አይፈቀድላትም። እጇን አወጣችና እንድትናገር ለመነች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ያን ደብተር አወጣች፤ የቡና ጠብታ የነካውን ገጽ ገልጣ ባለሙያው ፊት አስቀመጠች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እሳቸው 'በሐር' ያሉት ቀይ ባሕርን አይደለም። ከኦምዱርማን ወደ ካርቱም የተሻገሩት ወንዙን ነው። ነጭ ዓባይን ነው።»

ባለሙያው ገጹን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። ብዕሩን መለሰና በፊተኛው ቃል ላይ አንድ መስመር ሰረዘ።